ለግሌንዳ የተያዘው ወንበር

ግሌንዳ መምቢ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ድሃ ስለሆነች አይደለም፤ ድሃማ ሁላችንም ነን። እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ስፔን ደርሼ፣ ፀሐይ ሞቄ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ተመልሻለሁ። እሷ ግን ነይ ስንላት «በዚያ ትልቅ አውቶቡስ መሄድ በረራ አይባልም» ብላ ትስቅብን ነበር። የምትፈልገው ትንሿን ነው፤ በየሳምንቱ የሰው ልጆች የምታሳፍርባትን፣ ራሷ ግን አንድም ቀን ያልተቀመጠችባትን።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደንብ ልብስ የለበሱ፣ የአየር ኃይል ካዴት የሚባሉ የሰፈራችንን ልጆች በሚኒባስ ትጭንና ከከተማችን ከግሪምዝቢ፣ ቶርሊ ወደሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ትወስዳቸዋለች። እዚያ አንድ የበረራ ክፍል አለ። አብራሪዎቹ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት መዋል የሚያቅበጠብጣቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ሥራቸው ልጆችን ሰማይ ማቅመስ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላውን ካዴት ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ አውሮፕላን አጠገባቸው አስቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያንሸራሽሩታል፤ ከፍ ካሉ በኋላ መሪውን ያስይዙታል። ሲወርዱ ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ያስመልሳሉ። ግሌንዳ ለሚስቀውም ለሚያስመልሰውም እኩል ብስኩት ትሰጣለች።

እኔ ዶት ነኝ። ከግሌንዳ ጋር ዓሣ በሚበለትበት ፋብሪካ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመን አርጅተናል። ስኳድሮን በሚባለው የልጆቹ ማኅበር ውስጥም ሻይ አፍይ ነኝ። የገባሁት በእሷ ጉትጎታ ነው፤ «ቅዳሜሽን ሶፋ ላይ ተጋድመሽ ከምትጨርሺው» ብላ ስትነዘንዘኝ ከርማ። ከፊት ከአጠገቧ ተቀምጬ እንዲህ አትንጂ እንዲያ አትንጂ እያልኩ እጨቃጨቃታለሁ። አውሮፕላን እፈራለሁ። ደግነቱ ሻይ ለማፍላት መብረር አያስፈልግም።

ነገሩ የጀመራት ገና በልጅነቷ ነው። በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ካዴት መሆን አትችልም ነበር። ወንድሟ ሮይ ግን ገባ። ጫማውን የምትወለውለው፣ ደንብ ልብሱን የምትተኩሰው እሷ ነበረች፤ እናታቸው «እህት አይደለሽ!» ትላታለች። የበረራው ቀን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ዋለች። ሮይ ማታ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ኮሌታው ላይ አስመልሶበታል። «ምን አየህ?» ብትለው «ምንም» ብሏት ተኛ። በሳምንቱ ካዴትነቱን ትቶ ኳስ ጀመረ። ግሌንዳ ይህን እስከዛሬ አልማረችውም። «ጫማውን የወለወልኩት እኔ፤ የበረረው እሱ፤ ያየም የለ!» ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔ ግን ሳቋን አውቀዋለሁ።

ሌላው ኑሮዋ አጭር ነው። ሌስ የሚባል ወዛደር አገባች። ልጅ አልወለዱም። ሌስ ከጊዜ በኋላ ቢንጎ በሚባለው የዕጣ ጨዋታ እስከ ዘጠና ያለውን ቁጥር የምትጠራ ሴት ወዶ ስኬግነስ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ ገባ። ያን ሰሞን ፋብሪካ ውስጥ ሁላችንም ምን እንበላት ብለን አንገታችንን ደፍተን ስንሠራ፣ እሷ ቢላዋዋን እየሳለች «ምናለ፣ ቢያንስ ያቺ እስከ ዘጠና ትቆጥራለች፤ እሱ ከአሥር በላይ አይሄድም» ብላ አሳቀችን። ቀጥሎ የመጣው ቅዳሜ ስኳድሮኑ ሾፌር ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰማች። ሄዳ ሥራውን ያዘች፤ በዚያው ቀረች።

ለምን አልበረረችም ብትሉኝ፣ የወንበሩ ልማድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ልጆቹ ሁሉ ይበራሉ። ሰዓትና ነዳጅ ከተረፈ ለአዋቂ ይደርሳል። ደርሷት ያውቃል፣ ስንት ጊዜ! ግን ወይ አንዱ ልጅ ደመና ውስጥ ገብቶ ምንም ሳያይ ወርዷል፣ ወይ አንዷ ፈርታ ቀርታ ኋላ ቆጭቷታል። ያኔ ግሌንዳ «እኔ ግድ የለም፤ ለልጁ ስጡት» ትላለች። በእኛ አገር ደግሞ አንዴ ግድ የለም ካልክ አለቀልህ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብሎ ሁለተኛ የሚለምንህ የለም። «እርግጠኛ ነህ?» ይሉሃል፤ «እርግጠኛ ነኝ» ትላለህ፤ በሩ ይዘጋል። እሷም የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ ትላለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከባሕር ጭጋግ ይነሣና መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ካርታ ስንጫወት ውለን፣ ማንም ሳይበር፣ ቺፕስ በልተን እንመለሳለን።

እንዲህ እንዲህ እያለ እጇ ሄደ። የፋብሪካው ውኃ በረዶ ነው፤ የምንይዘው ዓሣም በረዶ ነው። ሪህ ሁላችንንም ይነካካናል፣ የእሷ ግን ባሰ። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ጎበጡ፣ መገጣጠሚያዎቿ አበጡ። የጠርሙስ ክዳን እኔ ነኝ የምከፍትላት። የሚኒባሱን መሪ በመዳፏ እየገፋች ታዞረዋለች፤ ማርሹን በእጇ ጠርዝ ትመታዋለች። አየሁ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ሰው ራሱ ካልተናገረ አንጠይቅም።

በዚያ ዓመት ፀደይ ላይ የቶርሊ የበረራ ክፍል ሊዘጋ ነው ተባለ። አውሮፕላኖቹ ወደ ምዕራብ፣ እኛ በዚያች በምታስነጥስ ሚኒባስ በጠዋት ተነስተን በቀን ደርሰን ልንመለስበት ወደማንችል ቦታ ሊዛወሩ ነው። ለምን ብንል የበላይ ውሳኔ ነው አሉን። የበላይ የሚባለው ሰውዬ ቤቱ የት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሻይ ይዤለት እሄድ ነበር፣ የፈላውን።

ወሬው በተሰማ ሰሞን ጆዲ ሚኒባሱ መስኮት ላይ መጥታ አንኳኳች። ጆዲ ብሪግስን ግሌንዳ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው ያመጣቻት፤ የምትናገረው የማይሰማ፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ የቀበረች ልጅ ነበረች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ለአየር ኃይል አመልክታ መልስ እየጠበቀች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቶርሊ ለሚበሩት ልጆች ፓራሹት ታስራለች።

«አክስቴ፣ ወንበር ተይዟል» አለች። ልጆቹ ሁሉ አክስቴ ነው የሚሏት።

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ! የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው በረራ። ሻለቃ ሃርግሬቭን ለምኛቸው ራሳቸው ሊወስዱሽ ነው። ደግሞ ግድ የለም ብትዪ ጎማሽን ነው የማስተነፍሰው።»

«ይህን አፍ ከየት አመጣሽው?»

«ካንቺ።»

ግሌንዳ ወደ እኔ ዞረች። ግድ የለም ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እሺ» አለች። ከዚያ ልንነሳ ስትል ሞተሩ ሦስቴ ጠፋባት፤ ከፋብሪካው መታጠፊያ ደግሞ አልፋ ሄደች።

በነጋታው ማታ ቤቷ ብሄድ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን እጀታ በገመድ አስራ ትጎትታለች። ምን ሆንሽ ብላት ፓራሹት ነው አለች። እዚያ ማንም ሳይፈተን አይበርም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መለማመጃ ማሰሪያ አለ፤ ያን ለብሰህ ደረትህ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ስበህ ማውጣት አለብህ። ከላይ አንድ ነገር ቢሆንና ዝለል ብትባል ፓራሹቱን የምትከፍተው በእሱ ነው። ልጆቹ እየሳቁ ነው የሚስቡት። ግሌንዳ ስንቱን ልጅ «ጠንከር በል እንጂ፣ ቅቤ ልትቀባ ነው እንዴ!» እያለች ስታሾፍበት ኖራለች።

«ተመልከቺ!» አለችና ገመዱን በሁለት እጇ ሳበችው። በሩ ተከፈተ።

«የቁም ሳጥን በርማ ድመትም ይከፍታል» አልኳት።

ሳቀች። ያን ዕለት ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር ያ ገመድ እዚያው ታስሮ አገኘው ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ሰማይ አላየሁም። ስንት ቅዳሜ ጭጋግ ሲያለቅስብን ኖሮ፣ የመጨረሻው ቀን ምነው እንዲህ አማረ ብዬ ተናደድኩ። ግሌንዳ ፀጉሯን ተሠርታለች። የስኳድሮኑ አዛዥ ኮሊን ታፕሊ፣ በሥራ ቀን ጂኦግራፊ የሚያስተምር ፊቱ ቶሎ የሚቀላ ሰው፣ ሲያያት «ግሌንዳ፣ ዛሬስ ሰርግ አለ!» አላት።

«ለሻለቃው ነው፤ አንተ ዓይንህን መልስ» አለችው። ልጆቹ አሽካኩ።

ስንደርስ እንደወትሮው የደህንነት ፊልሙ ታየ። ፊልሙን በቃሏ ታውቀዋለች። ሰውዬው ሳይናገር ቀድማው፣ ድምፁን አስመስላ «ቀበቶዎን ይፍቱ፣ ክንፉ ላይ ይውጡ፣ ወደ ኋላ ይዝለሉ» ስትል ልጆቹ በሳቅ ወንበር ላይ ተንከባለሉ። ኮሊን ዝም በይ ማለት አቅቶት ራሱ ይስቃል። ቀኑን ሙሉ ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ገቡ። ግሌንዳ ሜዳው አጥር ላይ ተደግፋ እያንዳንዷን አውሮፕላን በዓይኗ አንስታ በዓይኗ አሳረፈች። ምሳዋን አልነካችውም። «ባዶ ሆድ ይሻላል፤ ሮይን አልሆንም» አለችኝ።

የመጨረሻው ልጅ ወረደ። ሻለቃ ሃርግሬቭ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ በእጃቸው ጠሯት፤ ሰውዬው ሽበታም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ናቸው። እኔና ግሌንዳ ፓራሹት ወደሚታሰርበት ክፍል ገባን። ጆዲ ብቻዋን ነበረች። በሥራ ሰዓት ጆዲ ሌላ ሰው ናት፤ ማንንም በስሙ ብቻ አትጠራም፣ ሁሉንም አንቱ ትላለች።

«ወይዘሮ መምቢ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ» አለች፤ ጥርሷ ግን ስቋል። ማሰሪያውን አለበሰቻት፣ አጠበቀችላት። «ቀለበቱን ይመልከቱ። ይያዙ። ይሳቡ።»

ግሌንዳ ተመለከተች። ያዘች። ሳበች። ቀለበቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጠንከር በይ፣ ቅቤ ልትቀቢ ነው እንዴ!» አልኳት ቀልድ መስሎኝ። ማንም አልሳቀም።

እንደገና ሳበች። በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ ደም መሰለ፣ የተሠራው ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ወረደ። ቀለበቱ ጥቂት ወጣ አለና ከጣቶቿ አምልጦ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ደገመችው። አመለጣት። ጣቶቿ አይታጠፉም፣ አይጨብጡም፤ ከቀለበቱ ላይ ሲንሸራተቱ አየኋቸው። ጆዲም አየች። እስከዚያች ደቂቃ ከእኔ በቀር የግሌንዳን እጅ ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ልጆቹ ሁሉ የሚያዩት ብስኩቱን ነበር።

ጆዲ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት፤ አሳልፊያት ማለቴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። አውሮፕላኑ ውጭ ሞተሩን እያንጎራጎረ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ በዚያ የበረራ ክፍል ማንም ፓራሹት ከፍቶ አያውቅም።

«ቀለበቱ አልወጣም» አለች ጆዲ።

«አንዴ ቆይ፣ ላቤ ነው ያንሸራተተኝ» አለች ግሌንዳ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሳበች። አልሆነም።

«አክስቴ…»

«ጆዲ፣ በእናትሽ» አለች ግሌንዳ።

በዕድሜዬ ግሌንዳ ማንንም ስትለምን ሰምቼ አላውቅም። ሌስ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እንኳ አልለመነችም። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

«በእናትሽ ጆዲ፤ ማን ያያል? ወጥቷል በያቸው። ነገ ይዘጋል እኮ፤ ሌላ ቅዳሜ የለኝም።»

«አንድ ነገር ቢሆን ሻለቃው አንቺን ጥለውሽ አይዘልሉም» አለች ጆዲ። እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን ማሰሪያውን መፍታት ጀምሯል። «አይዘልሉም፣ ታውቂያቸዋለሽ። አንቺ መክፈት ካልቻልሽ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ። አልችልም አክስቴ።»

«ስንት ዓመት አመላለስኩሽ!» አለች ግሌንዳ። «አፍሽን የማትከፍቺ ልጅ ነበርሽ! ስንት ጊዜ የእኔን ወንበር ላንቺ ሰጠሁ!»

ጆዲ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ተለዋወጠ። የመጨረሻውን ዘለበት ፈታች። ግሌንዳም ወዲያው የተናገረችውን ሰማችው መሰለኝ፣ እጇን አንስታ የልጅቱን ጉንጭ በመዳፏ ጀርባ ጠረገችላት። «ልክ ነሽ» አለቻት። «ልክ ነሽ፣ ተይ አታልቅሺ።» ጆዲ ልክ መሆኗን አልነፈገቻትም። እኔ ግን ያን ሰዓት ልጅቱን ጠላኋት፤ አሁንም ልክ ነበረች ለማለት ምላሴ ይከብደኛል።

ኮሊን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላውቅም። ዓይኑ የግሌንዳ እጅ ላይ ነው።

«ሻለቃው ይጠይቃሉ፤ ሰዓት እያለፈ ነው። ምን ልበላቸው?» አለ።

«ዶት ትሂድ» አለች ግሌንዳ።

«ማ? እኔ?» አልኩ። «አብደሻል? ሞቼ ነው የምሄደው!»

«ሂጂ። ወንበሩ ለእኛ የተያዘ ነው፣ ባዶውን አይነሳም። ደግሞ ሮይ አትሁኚብኝ፤ ዓይንሽን ገልጠሽ አይተሽ ነይና ንገሪኝ።»

እምቢ ልል ነበር። ዓይኗን ሳየው አልቻልኩም። ጆዲ አፍንጫዋን እየሳበች ማሰሪያውን አለበሰችኝ። ቀለበቱን ገና ሳብ ሳደርገው ከነገመዱ ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በላይ ያፈርኩበት ቀን የለም። መልሼ ልሰካው ፈለግሁ።

ከመሬት ስንነሳ ጮህኩ። ሻለቃው እንደሚሆን አውቀው ይሁን ወይ ጨዋ ሆነው፣ አልሰማሁም አሉ። ግሌንዳ ስላዘዘችኝ ዓይኔን ገለጥሁ። እርሻው፣ ቦዮቹ፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ ሹል ሹል ጣሪያ። ቀጥሎ ቡናማው የሐምበር ወንዝ ውኃ፣ ቀጥሎ ባሕሩ። የከተማችን ወደብ ማማ ከታች ቆሟል። ይህን ሁሉ በየቀኑ በእግሬ ስረግጠው ኖሬ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እንዴት እንደ ደስ አለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ በሌላ ሰው ሳህን እንደምበላ ተሰማኝ።

«በይ፣ መሪው ያንቺ ነው» አሉ ሻለቃው።

ጉልበቶቼ መካከል ያለውን ዘንግ በሁለት እጄ ጨመደድኩት። አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ።

«አይ፣ አትነቂው። ይህ ጉልበት አይፈልግም። በሁለት ጣት ብቻ፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ። አሁን ወደ ግራ አሰብ አድርጊው፣ ብቻ አስቢ።»

አሰብኩ። ግራው ክንፍ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ባሕሩ ዞረ። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ሻለቃው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው «ግሌንዳን ነበር እኮ ልወስድ የፈለግሁት» አሉ። «ምን ሆነች?»

«እጇን» አልኳቸው። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረን ወረድን። አጥሩ ላይ እንደወትሮዋ ተደግፋ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር፤ አልነበረችም።

ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ልጆቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ኮሊን ከውጭ ከግሌንዳ ፊት ቆሟል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ግሌንዳ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም» ይላል። «ያን ካየሁ በኋላ… የሰው ልጆች ናቸው። ድንገት ፍሬን ቢያስፈልግ፣ መሪ ቢያስፈልግ…»

«እስከዛሬ ምን ሆንን?»

«ምንም አልሆንንም። ግን አየሁ እኮ። ካየሁ በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም።»

መሬቱን አየች። ከልቤ ልሳደብ አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። ቁልፉን ከኪሷ ለማውጣት ጊዜ ፈጀባት። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ነው። ኮሊን ሊረዳት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። በመጨረሻ አወጣችውና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሁለተኛውን ማርሽ ስታስገባ አትነቀው፤ ይኮርፋል» አለችው። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ለሚቀጥለው ቅዳሜማ የት እንሄዳለን» አለ ኮሊን፣ ለራሱ።

ሌላ ሾፌር አልተገኘም። ሚኒባሷ እስክትሸጥ ስኳድሮኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ቅጠል ስታጠራቅም ከረመች። ልጆቹም አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው፤ ያን ዕለት ገና አላወቅነውም።

ኮሊን እየነዳ ወጣን። ሁለተኛውን ማርሽ ባስገባ ቁጥር ሚኒባሷ ታጓራለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ልጆቹ ያፏጩበት ነበር። ግሌንዳ ከኋላ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ያን መንገድ ከተሳፋሪ ወንበር አይታው አታውቅም፤ መታጠፊያው ላይ እግሯ ፍሬን ይፈልጋል። እጆቿን ጭኗ ላይ ደራርባ በመስኮት ታያለች። ስለ በረራው ባትጠይቀኝ ብዬ እጸልያለሁ። ከተማው ሲቃረብ ጠየቀችኝ።

«የት ድረስ ወሰዱሽ?»

«እስከ ባሕሩ።»

«ዓይንሽን ገልጠሽ ነበር?»

«በሙሉ።»

«ፋብሪካው ታየሽ?»

«ጣሪያው ታየኝ። ትንሽ ናት፣ የክብሪት ቀፎ ነው የምታህለው።»

«አይ!» አለች። «ዕድሜያችን ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው ያለቀው?» ትንሽ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«መሪውን ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

«ከበደሽ?»

አዎ፣ ከበደኝ፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ አንቺ አትችዪውም ነበር ማለት ነበረብኝ። አንዲት ውሸት ነበረች የምትፈልገው። ግን አይተሽ ንገሪኝ ብላ ነው የላከችኝ፤ ፊቷም የዚያች በር ላይ የምትጠብቅ ልጅ ፊት ሆኖብኛል፣ መዋሸት አቃተኝ።

«አልከበደኝም» አልኳት። «በሁለት ጣት ነው የሚያዘው።»

ቀኝ እጇን ከጭኗ አነሳች። አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ ገና ይታዘዟታል፤ ሌሎቹ ናቸው የሞቱት። ሁለቱን ጣቶች አየር ላይ ቀስ አድርጋ ገጠመቻቸው፣ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል አደረገቻቸው፣ መልሳም አቀናቻቸው።

«ሁለትማ ነበረኝ» አለች።